ለአንዲት አይጥ ያጨለምኩት ቤት

ሰው ብርሃን ፍለጋ ምን ያላደረገው አለ? ሻማ ይለኩሳል፣ የፋኖስ ብርጭቆ ይወለውላል፣ መስመር እንዲገባለት ደጅ ይጠናል። እኔ ግን እናንተዬ፣ ጨለማ ፍለጋ ስባዝን የከረምኩ ሰው ነኝ። ያውም ነቀምቴ ላይ፣ ያውም በበጋ፣ ያውም በደርግ ጊዜ። መሳቅ የሚፈልግ ከአሁኑ ይሳቅ፤ እኔ በጊዜው አልሳቅኩም።

ከመጀመሪያው ልጀምር። አይ፣ ከመጀመሪያው በፊት ካለው ልጀምር፤ አለበለዚያ አይጧ ከየት መጣች ትሉኛላችሁ።

ቶለሺ የምትባል ልጅ ወድጄ ነበር። ወድጄ ብቻ አይደለም፣ ሽማግሌም ልኬ ነበር። አባቷ ኦቦ ተርፋሳ የታወቁ አናጢ ናቸው። ከነቀምቴ በሮች ግማሹን እሳቸው ናቸው የሠሩት ይባል ነበር። ውሸት የማይናገሩ ሰው ናቸው፤ ገዢ በሩ ጥሩ እንጨት ነው ወይ ብሎ ሲጠይቃቸው «አይደለም» ብለው ገበያቸውን ያበላሻሉ እየተባለ ይወራባቸዋል። ሽማግሌዎቼን በክብር ተቀበሏቸው፣ አበሏቸው፣ አጠጧቸው፣ ከዚያ «ልጁ ክፉ አይደለም። ግን አርፎ አይቀመጥም። እስቲ ትንሽ ልየው» ብለው ሸኟቸው።

እውነታቸውን ነው፣ አርፌ አልቀመጥም። እኔ ጸሐፊ ሆኜ በምሠራበት መሥሪያ ቤት መደርደሪያ ሊሠሩ መጥተው ሲያዩኝ ሰንብተዋል። የማን አባት እንደሆኑ ስለማውቅ ጨዋ ለመምሰል ወንበሬ ላይ ተጣብቄ ልውል ሞከርኩ። እግሬ ግን ከጠረጴዛው ሥር ለብቻዋ ትጨፍራለች። አንድ ቀን መዶሻቸውን አስቀምጠው፣ ጎንበስ ብለው የጠረጴዛዬን እግሮች አንድ በአንድ ነቀነቁ። የሚንቀጠቀጠው ላልቶ መስሏቸው ነበር። የላላው እኔ መሆኔን ሲያዩ ወደ መደርደሪያቸው ተመለሱ።

«ትንሽ ልየው» የምትል ቃል ደግሞ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው መርዝ ናት። ትንሽ ስንት ነው? የሚያዩኝስ ከየት ሆነው ነው? ገበያ ስወጣ ቀስ ብዬ መራመድ ጀመርኩ፣ ከዚያ ቀስ ማለቴ ሰነፍ ያስመስለኝ ይሆን ብዬ ፈጠንኩ፣ ፍጥነቴ ደግሞ ያው አርፎ አይቀመጥም ያሰኘኛል። በዚያ ላይ እኔ ከጎጃም መጥተው እዚያው የቀሩ ሰዎች ልጅ ነኝ፤ ቤተሰቤ ኦርቶዶክስ ነው። ኦቦ ተርፋሳ ደግሞ ያኔ ጴንጤ ይባሉ ከነበሩት ናቸው። ይህን ለሽማግሌዎቼ አላነሱትም። አለማንሳታቸው ከሁሉም በላይ አስጨነቀኝ።

በዚህ መሃል የቶለሺ ታላቅ ወንድም ገመቹ ትምህርቱን ጨርሶ ከምሥራቅ ጀርመን መጣ። ሁሉም ከውጭ የሚመጣ ሰው ሬዲዮ ይዞ ይመጣል፤ ገመቹ አንዲት ጥቁር ሳጥን ይዞ መጣ። ከቴሌቪዥን ጋር ስትገጠም ጨዋታ የምታወጣ ሳጥን ናት። ታዲያ አባቱ ቤት ቴሌቪዥን የለም። ባኬ ጃማ በሚባለው ሰፈራችን ውስጥ ያኔ ቴሌቪዥን ከነበራቸው ጥቂት ሞኞች አንዱ እኔ ነበርኩ። ሞኝ ያልኩት ሥርጭቱ እኛ ጋ የሚደርሰው ደክሞት ስለነበር ነው። ማታ ማታ ከፍቼ የማየው ነጭ ብናኝ ብቻ ነው። ጎረቤት ሊያይ ይመጣና «ዛሬም እየዘነበ ነው?» ብሎ ይመለሳል።

ገመቹ ሳጥኗን ይዞ ቤቴ መጣና ከቴሌቪዥኔ ጋር ገጠማት። ጨዋታው አንድ ጎተራና ሁለት አይጦች ነው። ጀርመኖቹ ምን ብለው እንደሚጠሩት አላውቅም፤ እኛ አይጥ ነበር የምንላቸው። ጎተራው ጨለማ ነው። ግድግዳዎቹ ከጨለማው በጥቂት ፈዘዝ ያሉ መስመሮች ናቸው፣ አይጦቹም ግራጫ ነጠብጣቦች። አንዷ የኔ ናት፣ አንዷ የገመቹ። በግድግዳዎቹ መሃል እየተሽሎከሎኩ መሃል ላይ ካለው እህል ቀድሞ የደረሰ ያሸንፋል። በየእጃችን እንደ መኪና ማርሽ የምትነቀነቅ እጀታ ይዘናል።

ገመቹ ቀድሞ ደረሰ። ደግመን ተጫወትን፣ ደግሞ ቀድሞ ደረሰ። የኔ አይጥ የት እንዳለች አላውቅም። ከምዕራብ መስኮቴ የሚገባው ፀሐይ የቴሌቪዥኑ መስተዋት ላይ ተጋድሞ ከጎተራው ይልቅ የራሴን ፊት ያሳየኛል። «አይታየኝም» አልኩት።

ገመቹ ሳቀ። «አባቴ እኮ እየው ብሎኛል» አለኝ። «ምን ልበለው? ፊቱ ያለችውን አይጥ የማያይ ሰው ነው ልበለው?»

ከዚያ እንደ ቀልድ አድርጎ አንድ ነገር ጨመረ። እሁድ ከሰዓት እንጫወት፣ ካሸነፍከኝ ለአባቴ ተቀምጦ መዋል የሚችል፣ ዓይኑም ልቡም ያለበት የሚገኝ ሰው ነው እልልሃለሁ አለ። ቀልድ ሊሆን ይችላል። የጨነቀው ሰው ግን ቀልድ አይገባውም። ሳጥኗን እንድለማመድባት ትቶልኝ ሲሄድ እኔ የወደፊት ሚስቴን በአይጥ ላይ አስይዤ ቁጭ አልኩ። ለምን በቀን ትሉ ይሆናል። ማታማ ከተማው ሁሉ አምፖሉን ሲያበራ የኤሌክትሪኩ ጉልበት ይደክምና ምስሉ እንደ ፖስታ ቴምብር ያንሳል፤ ሰዓት እላፊም አለ። ስለዚህ ጠላቴ ፀሐይ ሆነች።

በመጀመሪያ የቴሌቪዥኑን ቁልፎች ያዝኩ። አንደኛው ብርሃን የሚጨምረው ነው። እስከ መጨረሻው አዞርኩት፤ ጎተራው ውስጥ ጉም ገባና አይጡም ግድግዳውም አንድ ላይ ነጣ። መለስኩት፤ ሁሉም ጠቆረ። ሁለተኛው ጥቁሩን ከነጩ የሚለየው ቁልፍ ነው። እሱን ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ ደግሞ ወደ ቀኝ ሳደርግ ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። ጤነኛ ሰው እዚህ ጋ ያቆማል። እኔ ፒንሳ አምጥቼ በቀረችው ብረት ማዞር ቀጠልኩ፤ ከዚያ ቀን ወዲያ ቴሌቪዥኔ ያለ ፒንሳ አልሠራም አለ።

ቀጥዬ ቴሌቪዥኑን ከነጠረጴዛው ማዛወር ያዝኩ። ሰሜን ግድግዳ አስጠጋሁት፣ ፀሐይ ተከተለችኝ። ከአልጋው አጠገብ አመጣሁት፣ አልጋውን አንቀሳቀስኩ፣ አልጋው ሲንቀሳቀስ ቁም ሳጥኑ መንገድ ዘጋ። ከመሥሪያ ቤት በወጣሁ ቁጥር የቤቴ ዕቃ ቦታ ይለዋወጣል። ከጎን ያሉት ሴትዮ፣ ጎረቤቴ አዴ ዲንቄ፣ ቤት ልትለቅ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። አዴ ዲንቄ ደግሞ አንድ ነገር ካወቁ፣ የኦቦ ተርፋሳ ቤተሰብ ሳይመሽ ያውቀዋል፤ አብረው የሚያመልኩ ሰዎች ናቸው።

ቤቴ ኮርኒስ የለውም። ቆርቆሮው ቀድሞ ሌላ ቤት ላይ ያገለገለ ስለነበር በምስማር ቀዳዳ የተወጋጋ ነው። ይህ ቀዳዳ በክረምት ባልዲ እንደሚያስፈልገው አውቃለሁ፤ በበጋ ምን እንደሚሠራ ግን አስተውዬ አላውቅም ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት ከሥራ ቀርቼ ስለማመድ አይጤ ድንገት ደምቃ ታየችኝ። ደስታዬን ምን ልበላችሁ። እጀታውን ወደ ቀኝ ገፋሁ፣ ወደ ቀኝ ሄደች። ቀስ ትላለች እንጂ አትቆምም። ግድግዳ ስታልፍ «ጎበዝ» አልኳት። እህሉ አጠገብ ደርሳ፣ ትንፋሼን ይዤ ሳያት፣ ከመስተዋቱ ወርዳ ጠረጴዛው ላይ ወጣች። ለካስ ከጣራው ቀዳዳ የገባች የፀሐይ ነጠብጣብ ኖራለች። እውነተኛዋ አይጥ ከተነሳችበት ጥግ ንቅንቅ አላለችም።

አሁን እንደ መላ የታየኝ ገመቹ ያወራልኝ ነገር ነው። ጀርመን አገር ቴሌቪዥን የሚያዩ ሰዎች ከጀርባው ደብዘዝ ያለ መብራት ያስቀምጣሉ፣ ዓይን አይደክምም፣ ጨለማውም ይለያል ብሎኛል። ወደ አቶ ሙደሲር ሱቅ በረርኩ። አቶ ሙደሲር ጉራጌ ናቸው፣ ኦሮምኛቸው ግን ከገበያተኛው ይበልጣል። ደብዛዛ አምፖል አልኳቸው። ነጩ ካለቀ መቆየቱን፣ ያላቸው ለአብዮት በዓል ከመጣው የተረፈ ቀይ መሆኑን ነገሩኝ። «ለዘመኑም ይስማማል» ብለው ግራ ቀኝ አዩና ጠቀለሉልኝ።

ቀዩን አምፖል ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ሰቀልኩት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አይጧ ትንሽ ታየች። አመሻሽ ላይ እንዲህ ተደስቼ ስለማመድ አንድ ጋቢ የደረበ ሰው ገባ፣ «አካም ጅርቱ» ብሎ ሰላም አለ፣ አልጋዬ ላይ ተቀመጠ፣ ጫማውን አላቀቀና አንድ ብርሌ ጠጅ አዘዘኝ። ከአርጆ የመጣ መንገደኛ ነው። ጠጅ የለም አልኩት። አረቄ አለኝ። እሱም የለም አልኩት። ታዲያ ምን አለ ብሎ ዙሪያውን ቢያይ ያለው እኔና አይጧ ነን። ቤቱ አይረባም እያለ ወጣ። ለካ በመስኮቴ የሚወጣው ቀይ ብርሃን እስከ መንገዱ ይታያል፤ ያኔ ቀይ መብራት በምን ዓይነት ቤት እንደሚሰቀል የማያውቅ ሰው የለም፣ ከእኔ በቀር።

አዴ ዲንቄ በአጥሩ በኩል ሁሉንም አይተዋል። «የኦቦ ተርፋሳን ልጅ ጠይቀህ ስታበቃ ቀይ መብራት?» አሉኝ። ልላቸው የሞከርኩት አይጥ፣ ጀርመን፣ ዓይን ይደክማል የሚል ነገር ነው። እያዘኑልኝ ገቡ። ሌሊቱን ሙሉ አልጋዬ ላይ ስገላበጥ አደርኩ፤ ወሬው ኦቦ ተርፋሳ ጆሮ መድረሱ አይቀርም፣ አሁን የቀረችኝ የገመቹ ምስክርነት ብቻ ናት።

እሁድ ጠዋት ተነስቼ ብርሃንን ከሥሩ ላጠፋው ወሰንኩ። የምዕራቡን መስኮት በብርድ ልብሴ ሸፈንኩና ዳር ዳሩን በምስማር መታሁት። የጓዳዋን ትንሽ መስኮት መሥሪያ ቤት ተሠርቶባቸው በተጣሉ ካርቦን ወረቀቶች ለጠፍኩ። ጠረጴዛ ላይ ወንበር፣ ወንበር ላይ ራሴን አውጥቼ የጣራውን ቀዳዳዎች በሳሙና ደፈንኩ። በሩ ላይ ከአቶ ሙደሲር የተዋስኩትን ጆንያ እንደ መጋረጃ ሰቀልኩ። ቴሌቪዥኑንም፣ በሩ ሲከፈት መስተዋቱ ላይ እንዳያርፍ፣ ጀርባውን ለበሩ ሰጠሁት። ያልተደፈነች ከበሩ በላይ ያለች ስንጥቅ ብቻ ቀረች፤ ለእሷ የሚሆን ነገር ቤቴ ውስጥ አላገኘሁም።

ብርድ ልብሱን ስመታ አዴ ዲንቄ አጥሩ ጋ ቆመው ያዩኛል። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን መንገዱን ወደ ላይም ወደ ታችም አዩና በሹክሹክታ «በስንት ሰዓት ነው?» አሉኝ። በዘጠኝ ሰዓት አልኳቸው። ሰው ይመጣል ወይ አሉኝ። የኦቦ ተርፋሳ ልጅ ገመቹ ይመጣል አልኳቸው። ዓይናቸው እንባ ሞላ። ስለ ጨዋታው ሰምተው ይሆናል ብዬ፣ ለጨዋታ ደግሞ እንዲህ ማልቀስ ምን የሚሉት ነው ብዬ ወደ ምስማሬ ተመለስኩ።

ወለጋ የኖረ ሰው እዚህ ጋ እጁን አፉ ላይ ጭኗል። ለሌሎቻችሁ ላስረዳ። ያኔ የጴንጤዎቹ ጸሎት ቤቶች ታሽገው ነበር። መጸለይ የፈለገ ጥቂት ጥቂት ሆኖ በየሰው ቤት፣ መስኮት ሸፍኖ፣ አንድ በአንድ እየገባ፣ ድምፁን ቀንሶ ይጸልያል። የተያዘ ይታሰራል። የአዴ ዲንቄ ወንድም በዚሁ ነገር ገብቶ ገና አልተፈታም። እሁድ ከሰዓት መስኮቱ የተሸፈነ ቤት ምን እንደሆነ ከተማው ሁሉ ያውቃል፣ አይናገርም። እኔም አውቅ ነበር። ግን ሰው ጭንቅላቱ ውስጥ አይጥ ከገባ የሚያውቀውንም ይረሳል።

በዘጠኝ ሰዓት ገመቹ መጣ። ጨለማዬን አይቶ ፉጨት አወጣ። ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብለን ጀመርን። እናንተዬ፣ አይጤ ታየችኝ። ግድግዳው ታየኝ። የመጀመሪያውን ለጥቂት ተሸነፍኩ፤ ገመቹም መሳቁን ትቶ ወደ መስተዋቱ ቀረበ።

ሁለተኛውን ስንጀምር በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተና ብርሃን ገባ። «በሩን ዝጉት» አልኩ ቀና ሳልል። ተዘጋ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ተከፈተ። «በሩን ዝጉት፣ ይታያል» አልኩ ተናድጄ። የገባው ሰው ወዲያው ዘጋው። እንዲህ እያለ ከቴሌቪዥኑ ወዲያ ጨለማው ውስጥ ጥላዎች ጫማ እያወለቁ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። የመስተዋቱ ብርሃን ዓይኔን ስለያዘው የማንንም ፊት አላየሁም። የገመቹ ጓደኞች ናቸው አልኩ። ገመቹ ደግሞ የኔ ጓደኞች መስለውታል። እነሱስ ምን ያያሉ? የአንድ ሳጥን ጀርባ፣ ከኋላው ደብዛዛ ብርሃን፣ ከብርሃኑ በላይ አንገታቸውን ደፍተው የተንበረከኩ ሁለት ወጣቶች።

አይጤ የመጨረሻው ግድግዳ ጋ ደረሰች። የገመቹ ወደ ኋላ ቀርታለች። ስጨነቅ ደግሞ አፌ አያርፍም። «ጌታዬ፣ በቃ፣ አሁን አሳልፈኝ» አልኩ።

«አሜን» አለ ጨለማው።

ሁለታችንም ደነገጥን። ከአሜኖቹ መሃል አንዱ ወፍራም ድምፅ ነበር። ገመቹ እጀታውን ለቀቀና ጆሮዬ ሥር «አባቴ ነው» አለ። ያን ጊዜ ነው ብርድ ልብሱ፣ የአዴ ዲንቄ እንባ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ የገባኝ። ምን ብዬ እንደምናገር ሳላውቅ ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ደግሞ ተነሳሁ። በሩ ተንኳኳ። የጠመንጃ ሰደፍ ነበር።

የገባው የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ ዲሪባ ነው። ሰፈሩ ውስጥ ያደገ፣ ሁላችንንም በስም የሚያውቅ ልጅ ነው፤ ማወቁ ግን አያረጋጋም፣ ያኔ የሚያስረው የሚያውቅህ ነው። ባትሪውን አበራና አንድ በአንድ ፊታቸው ላይ አሳረፈ። አዴ ዲንቄ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል። «የምን ስብሰባ ነው?» አለ። ባትሪው ኦቦ ተርፋሳ ላይ ደርሶ ቆመ።

«ኦቦ ተርፋሳ፣ እርስዎ ደግሞ እዚህ ምን ይሠራሉ?»

ሰውዬው ውሸት እንደማይናገሩ ነግሬያችኋለሁ። እውነቱን ከተናገሩ ደግሞ ያ ቤት ሙሉ ሰው በእኔ አይጥ ምክንያት ታስሮ ማደሩ ነው። ከአዴ ዲንቄ ቤት ሁለተኛ ሰው ሊታሰር ነው። ቶለሺ አባቷን ወህኒ ቤት ያስገባውን ሰው አይታ የምትለኝን አሰብኩ።

ኦቦ ተርፋሳ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። አልቸኮሉም። «ይህ ልጅ ልጄን ጠይቆኛል» አሉ። «ቤቱን ላይ ነው የመጣሁት።»

ውሸት ነው እንዳትሉ። ሲናገሩ ጣራዬን እያዩ ነበር። ልጅ የሚሰጥ አባት የጠያቂውን ኑሮ ከዘመድና ከጎረቤት ጋር ሆኖ ማየቱ ደግሞ ዲሪባም ያደገበት ወግ ነው። ባትሪውን ዝቅ አደረገ። ከዚያ ግን ማንም ሊጠይቀው የሚገባውን ጠየቀ። «በጨለማ?»

እዚህ ጋ እኔ ፈነዳሁ። ስለ አይጧ፣ ስለ ጎተራው፣ ስለ ፀሐይዋ፣ ስለ ቀዩ አምፖል፣ ስለ አርጆው መንገደኛ ሳልተነፍስ ለፈለፍኩ። ቴሌቪዥኑን ከነጠረጴዛው አዞርኩና አሳየሁት። ዲሪባ ጎንበስ ብሎ አየ። አንዷን ነጠብጣብ በጣቱ ነካ። ይህቺ ናት አይጥ አለኝ። ናት አልኩት። እኔን ሳይሆን ገመቹን አየና ጀርመን አገር የተማርከው ይህን ነው ወይ አለው።

«እስቲ» አለ ዲሪባ።

ሊቀመጥ ሲል ጠመንጃውን የሚያደርግበት አጣ። ግድግዳው ላይ ቢያስደግፈው ይወድቃል፣ ወለሉ በሰው ተሞልቷል። አጠገቡ የነበሩት አዴ ዲንቄ ናቸው። ጭናቸው ላይ አስቀመጠው። አዴ ዲንቄ የሞላ ማድጋ የተቀመጠባቸው ይመስል እንዳይነኩት ተጠንቅቀው፣ ሁለት እጃቸውን አየር ላይ ይዘው ቀሩ።

ዲሪባ ተሸነፈ። ደግሞ ተሸነፈ። አይታይም እኮ አለ። እኔም በፒንሳዬ ቁልፉን ትንሽ ወደ ቀኝ አልኩለት። አሁንም አይታይም አለ፣ ዙሪያውን ቃኘና ከበሩ በላይ ያለችውን ስንጥቅ አገኛት። ተነስቶ የገዛ ካፖርቱን አወለቀና እላይዋ ላይ ሰቀለው። ቤቱ ፍጹም ጨለመ። እኔ በዚያ ሁሉ ቀን ልሠራው ያልቻልኩትን ጨለማ ዲሪባ በአንድ ካፖርት ጨረሰው።

ከዚያ እሱና ገመቹ እየተገፋፉ ሲጫወቱ፣ ከኋላቸው ጨለማው ውስጥ ከንፈሮች መንቀሳቀስ ጀመሩ። በመጀመሪያ ትንፋሽ ብቻ ነበር። ቀጥሎ የኦቦ ተርፋሳ ድምፅ፣ ከአፋቸው የማይርቅ፣ በኦሮምኛ፣ ስለታሰሩት ለመነ፣ ስለታመሙት ለመነ። ስለአሳሪዎቹም ለመነ። እኔ መሃል ላይ ፒንሳዬን ይዤ ቆሜያለሁ። ሌላውን ነገር ሁሉ ረስቼ ዲሪባ እንዳይሸነፍ ብቻ እመኛለሁ፤ ከተሸነፈ ተነስቶ ይዞራል።

ጸሎቱ ሲያልቅ አዴ ዲንቄ አልቻሉም። «አሜን» አሉ፣ ጮክ ብለው። ሁላችንም ደረቅን።

ዲሪባ ፊቱን አላዞረም። «ዝም በሉ እንጂ» አለ። «እህሉ ጋ ልደርስ ነው።»

ሰምቶ ነው ወይስ ሳይሰማ፣ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ጠይቄውም አላውቅም። ብቻ በመጨረሻ ገመቹ ግድግዳ ላይ ተጋጭቶ ቆየለትና ዲሪባ እህሉን በላ። ተነሳ፣ ጠመንጃውን ከአዴ ዲንቄ ጭን በሁለት እጁ ተቀበለ፣ ካፖርቱን አወረደ፣ ለኦቦ ተርፋሳ እጅ ነሳ። ለእኔም በሚቀጥለው እሁድ በዚሁ ሰዓት እንደሚመጣ ነግሮኝ ወጣ። ከእሱ በኋላ ሌሎቹ አንድ በአንድ፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ወጡ። አዴ ዲንቄ ሲያልፉ ግንባሬን ሳሙኝ፤ የሳሙኝ ላልሠራሁት ነገር መሆኑን እያወቅኩ ግንባሬን ሰጠሁ።

ኦቦ ተርፋሳ ግን አልወጡም። ተነስተው መስኮቱ ጋ ሄዱና የመታኋቸውን ምስማሮች በጣታቸው ዳሰሱ። ሁሉም የተጣመሙ ናቸው። አንዱን ለማቃናት ሞከሩና ተዉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ይህን ሁሉ ያጨለምከው ለማን ብለህ ነው?»

እግዚአብሔር ያሳያችሁ። ለጸሎት ብዬ ነው ብል ልጅቷ የኔ ናት። አዴ ዲንቄም ይመሰክሩልኛል፣ ሰፈሩም ይመሰክርልኛል። አፌን ከፈትኩ። እኚህ ሰው እዚያ ጠመንጃ ፊት ሆነው እንኳ ውሸት ሳይናገሩ አልፈዋል።

«ለአይጧ ነው፣ ኦቦ ተርፋሳ» አልኩ። «ገመቹን ላሸንፍ ብዬ ነው።»

ገመቹ ወለሉን አየ። እኔ ሄድኩ መጣሁ፣ ጆንያውን አስተካከልኩ፣ መልሼ አበላሸሁት። በቃ አለቀልኝ፣ ሽማግሌዎቼን አሳፈርኳቸው፣ ቶለሺን ከነገ ወዲያ በገበያ መንገድ እንኳ ቀና ብዬ አላያትም ብዬ ጨረስኩ። ባርኔጣቸውን አደረጉ።

«ዲሪባን፣ ቤቱን ላይ ነው የመጣሁት ብዬዋለሁ» አሉ። «እውነት ነው፣ አየሁ። ጣራው አይረባም፣ መስኮቱም አይረባም። ግን እሁድ ሲመጣ እሱም ይመጣል፣ እኛም እንመጣለን። ያኔ ምን ልትሠራ መጣህ ብሎ ቢጠይቀኝ አንዴ ያየሁትን ቤት ደግሜ ላይ ነው ልለው አልችልም። ውሸት ይሆናል።»

በሩን ከፈቱ። የነቀምቴ የማታ ፀሐይ ገብታ ጎተራውን ከነአይጦቹ አጠፋችው።

«ወደ ልጄ ቤት ነው የመጣሁት ልለው እፈልጋለሁ» አሉ። «ሽማግሌዎችህን ነገ ላክልኝ። ብርድ ልብሱንም እንዳታወርደው።»

አላወረድኩትም። ያን ማታ የምደርበው አጥቼ በኮቴ ተኛሁ። ብርድ የሚባል ነገር ግን አልነበረም።